«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ»፤ ከተቀያሪ ወንበር ሲታይ

እድር ላይ መዋጮ ሲጠራ፣ የታመመ ጎረቤት ለማሳከም ገንዘብ ሲሰበሰብ፣ ከመሀል አንድ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠርገው መነሳታቸው አይቀርም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው» ይላሉ። ከዚያ በኋላ እጁን ወደ ኪሱ የማይሰድ የለም። እኔ ግን ይህ አባባል በደንብ የገባኝ ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ አይደለም። አራት ኪሎ አካባቢ የሰፈር ልጆችን ቅርጫት ኳስ ሳሰለጥን ነው።

የተለመደው ፍቺ አጭር ነው፤ ለአንድ ሰው የሚከብደው ነገር ብዙዎች ሲካፈሉት ይቀላል። ልክ ነው፣ ግን ግማሹ ብቻ ነው። መቅለሉን ብቻ ለመናገር ቢሆን «ጌጡ» ማለት ባላስፈለገ ነበር። የቀለለ ነገር ሁሉ ጌጥ አይሆንም።

አንድ ቅዳሜ ይህን እያሰብኩ ከፒያሳ ሃምሳ ሎሚ ቆጥሬ ገዛሁ። ቤት ወስጄ ሚዛን ላይ ሳስቀምጠው ሦስት ኪሎ እንኳ አልሞላም። ልጅ እያንጠለጠለ የሚሄደው ነገር ነው። ታዲያ ሸክም ያሰኘው ምንድን ነው? ፌስታሉን ትቼ በባዶ እጄ ለመያዝ ሞከርኩ። በዚህኛው መዳፍ አራት፣ በዚያኛው አራት፣ የቀረውን ከክንዴና ከደረቴ መሀል። አሥር አልፌ ጥቂት እንደጨመርኩ አንዱ ሾልኮ ወደቀ። እሱን ላነሳ ጎንበስ ስል ሦስቱ ተከተሉት፤ አንዱ ተንከባልሎ ቡታጋዙ ሥር ገባ። ያኔ ነው የአባባሉ ብልሃት የታየኝ። «ሃምሳ ድንጋይ» ቢል ኖሮ ነገሩ የጉልበት ነበር፤ ብርቱ ሰው ይገኝለት ነበር። ሎሚ ግን ብርቱውንም ደካማውንም እኩል ያስቸግራል፤ ምክንያቱም የጎደለው ጉልበት ሳይሆን እጅ ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ስለ ኅብረት ኃይል ይናገራል፤ «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ»ም እንደዚያው ነው። ሃምሳ ሎሚ ግን የሚናገረው ስለ አከፋፈል ነው።

ቋንቋውንም ልብ በሉ። «ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ነው የሚለው፤ «ጌጣቸው» አይልም። ሃምሳ ሰው ቆሞ ጌጡ ግን የአንድ ሰው ሆኖ ተነገረ። በእርግጥ በአማርኛ ከቁጥር በኋላ ሰው በነጠላ መጠራቱ የተለመደ ነው፤ «ሸክሙ» እና «ጌጡ» ቤት እንዲመቱም ያስፈልጋል። ቢሆንም ጆሮዬ ከዚያ ያለፈ ነገር ይሰማዋል፤ ሃምሳው ሰው በጋራ አንድ ጌጥ የለውም፤ እያንዳንዱ «ይህቺ የኔ ናት» የሚላት አንዲት ሎሚ አለችው።

ሎሚ እንዴት ጌጥ እንደሚሆን ጥምቀትን ያየ ሰው አይጠይቅም። ጥር 10 ቀን ከተራ ታቦታቱ ወደ ጃን ሜዳ ይወርዳሉ፣ በማግስቱ ጥምቀት ነው። በቀድሞው ልማድ ጎረምሳ በዚያ ቀን ሎሚ ይዞ ይወጣል፤ እያሸተተ፣ ከእጅ እጅ እያገላበጠ ይዞራል። ዓይኑ ያረፈባትን ልጅ ሲያገኝ ይወረውርላታል። እዚያ ላይ ሎሚዋ መልእክት ናት፣ ወግ ናት። ያው ፍሬ በጆንያ ሲሆን የነጋዴ ዕቃ ነው፤ አንዷ በጎረምሳ እጅ ስትገባ ግን ጌጥ ትሆናለች። አባባሉ ከዚህ ኑሮ ውስጥ የወጣ ነውና ሎሚን የመረጠው በዘፈቀደ አይመስለኝም።

አሁን ወደ ሜዳው ልግባ። በዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ማኅበር፣ በፊባ ሕግ አንድ ጨዋታ እያንዳንዱ 10 ደቂቃ የሆነ አራት ኳርተር አለው፤ በድምሩ 40 ደቂቃ። በአንድ ጊዜ አምስት ሰው ስለሚጫወት አሰልጣኝ የሚያከፋፍለው 200 ደቂቃ ነው። ወረቀቱ ላይ ደግሞ እስከ 12 ተጫዋች ይመዘገባል። 200ን ለ12 ብታካፍሉት 16 ደቂቃ ከ40 ሴኮንድ ይደርሳል፤ እንዲህ ተርታውን የሚያከፋፍል አሰልጣኝ ግን አላየሁም፤ ማከፋፈልም የለበትም። ቡድኑ ሲሳሳ ችግሩ ቀላል ነው፤ ያለህን ታሰልፋለህ። አሥራ ሁለቱም መጫወት የሚችሉ ሲሆኑ ነው ሎሚው ከእጅ የሚሾልከው።

እኔ ያጠፋሁትን ልናገር። ትንሿ ስታዲየም በተደረገ አንድ ጨዋታ ፖይንት ጋርዳችንን አላስወጣሁትም። ኳሱን እሱ ያመጣል፣ ፓሱን እሱ ያከፋፍላል፣ የተጋጣሚን ፈጣን ልጅ የሚይዘውም እሱ ነው። ሦስት ኳርተር ሙሉ መራን። አራተኛው ላይ ጭንቅ ሲመጣ ልጁ ባቱን ይዞ ተቀመጠ፤ ጡንቻው ተሳስሮ መቆም አልቻለም። ወደ ተቀያሪዎቹ ዞሬ አንዱን ጠራሁ። ጨዋታው ከተጀመረ ጀምሮ አልገባም። የጫማውን ማሰሪያ ሙሉ በሙሉ ፈቶ፣ የጫማውን ምላስ አውጥቶ ተቀምጧል። ማሰሪያውን ለማሰር ሲጣደፍ ጣቶቹ እርስ በርስ ይጋጫሉ። ቀና ብሎ «ኮች፣ ገብቼ ምን ላድርግ?» አለኝ።

የምመልሰው አልነበረኝም። ስለ እሱ አስቤ አላውቅም ነበርና። ገባ፣ ሁለት ኳስ ተነጠቀ፣ ተሸነፍን። ሰዉ እሱን ወቀሰ። ሃምሳውን ሎሚ ለአንድ ልጅ ያሸከምኩት እኔ ነኝ፤ የወደቀውን እንዲለቅም የጠራሁት ደግሞ እስከዚያ ሰዓት ድረስ እጁ ባዶ የነበረውን ልጅ ነው።

በዚያው ሳምንት የልጁን እናት መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ከሰላምታ በኋላ «ወንድሜ፣ ማልያውን የማጥበው እኔ ነኝ። ላብ ሸትቶኝ አያውቅም» አሉኝ። ቁጣ አልነበረበትም። ቤቴ እስክደርስ ግን ከጆሮዬ አልወጣም።

በአሜሪካው የኤንቢኤ ሊግ ያሉ ትልልቅ ቡድኖችም ከዚህ ጋር ይታገላሉ፤ የእነሱ ጨዋታ ደግሞ 48 ደቂቃ ነው። ሳን አንቶኒዮ ስፐርስ እ.ኤ.አ. በ2013 ፍጻሜ ዋንጫው እጁ ሊገባ ሴኮንዶች ሲቀሩት በማያሚ ሂት ተነጠቀ። በቀጣዩ ዓመት አሰልጣኙ ግሬግ ፖፖቪች ደቂቃውን በጥንቃቄ በተነው፤ በመደበኛው ውድድር በአማካይ 30 ደቂቃ የተጫወተ አንድም ሰው አልነበረም። ከሁሉ ብዙ የተጫወተው ቶኒ ፓርከር እንኳ 29.4 ደቂቃ ነው። 62 ጨዋታ አሸነፉ፤ ፍጻሜው ላይ ያንኑ ማያሚን በጨዋታ ብዛት 4 ለ 1 ረቱት። ቲም ደንከን ያኔ 38 ዓመቱ ነበር። እግሩ እስከ ሰኔው ፍጻሜ ያደረሰው ሌሎቹ ሎሚውን ስለያዙለት ነው ብዬ አምናለሁ።

እኔን የበለጠ የሚነካኝ ግን የአንድሬ ኢጉዳላ ታሪክ ነው። እስከ 2014 (እ.ኤ.አ.) ድረስ በመደበኛ ውድድር የተጫወታቸውን 758 ጨዋታዎች በሙሉ ቋሚ ሆኖ ነው የጀመረው። ስቲቭ ከር የጎልደን ስቴት አሰልጣኝ ሆኖ ሲመጣ ተቀያሪ ሆነህ ግባልን ተባለ፤ ቦታውን ለወጣቱ ሃሪሰን ባርንስ ለቀቀ። በዚያ ዓመት መደበኛ ውድድር አንድም ጨዋታ አልጀመረም። ፍጻሜው ላይ ክሊቭላንድ በጨዋታ ብዛት 2 ለ 1 ሲመራ ከር በአራተኛው ጨዋታ አሰለፈው። ጎልደን ስቴት ሦስቱን በተከታታይ አሸንፎ ዋንጫ ወሰደ፤ የፍጻሜው ኮከብ ተጫዋችም ኢጉዳላ ተባለ። ዓመቱን ሙሉ የጫማ ማሰሪያውን ፈቶ ቢቀመጥ ኖሮ ይህ ባልሆነ ነበር። ያልፈታውም ተቀያሪነቱ ሥራ እንጂ ቅጣት አለመሆኑ ስለተነገረው ይመስለኛል።

ከዚያ ሽንፈት በኋላ ደብተር ያዝኩ። ከጨዋታ በፊት ባለው ልምምድ እያንዳንዱን ልጅ ለብቻው ጠርቼ እነግረዋለሁ። «አንተ ሁለተኛው ኳርተር ሲጀመር ትገባለህ። አምስት ደቂቃ ነው። ቁጥር ሰባታቸውን ያዝልኝ፣ በግራው እንዳያልፍ፤ ሌላው የሌሎቹ ነው።» ደቂቃው ትንሽ ነው፣ ግን የራሱ ነው። ልጆች የሚያኮርፉት ደቂቃ ስላነሰባቸው ብቻ ይመስለኝ ነበር። ይልቁንስ የሚበላቸው መቼ እንደሚገቡ፣ ለምን እንደሚገቡ አለማወቃቸው ነው። አምስት ደቂቃ እንዳለው የሚያውቅ ልጅ ቀሪውን ሠላሳ አምስት ደቂቃ ቁጥር ሰባትን እያየ ይቀመጣል። ይህንን ነው እኔ ጌጥ የምለው።

ከባዱ ሥራ ከተቀያሪዎቹ ይልቅ ከቋሚዎቹ ጋር ነበር። ፖይንት ጋርዳችን ሲወጣ ፊቱ ይጠቁራል፤ ፎጣውን አልቀበልም ይላል። ሸክምም ቢሆን የለመዱት ሸክም ክብር ይመስላል። እሱን ያሳመንኩት በቃል አይደለም፤ አራተኛው ኳርተር ላይ እግሩ ሲታዘዝለት ራሱ አየው።

አባባሉ የማይፈታው ነገርም አለ። እዚያ ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው በትክክል ይዳረሳል፤ ሜዳ ላይ አይዳረስም። አንድ ልጅ ነበረኝ፣ ቅርጫቱ ሥር የሚጫወት ጎበዝ ሴንተር፣ ከፊቱ ግን ሁለት ከሱ የሚሻሉ ነበሩ። ዓመቱን ሙሉ ተስፋ እየሰጡ ማስቀመጥ በደል መስሎ ታየኝ። እውነቱን ነግሬው ሌላ ቡድን ፈለግንለት። አሁንም ስንገናኝ «ኮች» ይለኛል።

አንድ የፊባ ደንብ አለ፣ በጣም ነው የምወደው፤ ቅያሬ የሚጠይቀው አሰልጣኙ አይደለም፤ ተቀያሪው ራሱ ነጥብ መዝጋቢዎቹ ወዳሉበት ጠረጴዛ ሄዶ «ልግባ» ማለት አለበት። ያ ማሰሪያውን የፈታው ልጅ በቀጣዩ ወር በዚያው ሜዳ ሁለተኛው ኳርተር ሊጀመር ሲል ፈለግኩት፤ ወንበሩ ባዶ ነው። ማልያውን ሱሪው ውስጥ ከቶ፣ ማሰሪያውን ሁለት ጊዜ ቋጥሮ፣ ጠረጴዛው አጠገብ ቆሟል። ዓይኑ ቁጥር ሰባት ላይ ነው።