አኪራ ሱዙኪ፦ ሕይወታቸውና የቦሮን ምርምራቸው

አኪራ ሱዙኪ እ.ኤ.አ. በ1930 በሰሜናዊቷ የጃፓን ደሴት በሆካይዶ፣ ሙካዋ በተባለች ትንሽ ከተማ የተወለዱ የኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ተመራማሪ ናቸው። ሆካይዶ ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ ልባቸው ያለው ሒሳብ ላይ ነበር፤ ሐሳባቸውን ያስቀየራቸው አንድ የኦርጋኒክ ኬሚስትሪ መማሪያ ነው። በ1959 የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ከዚያው ዩኒቨርሲቲ አገኙ።

ሁለተኛውን መንገድ ያሳያቸውም መጽሐፍ ነው። በ1962 በሳፖሮ ከአንድ መጻሕፍት መደብር የአሜሪካዊውን ኬሚስት የኸርበርት ብራውንን መጽሐፍ አገኙ፤ መጽሐፉ ስለ ቦሮን፣ ማለትም በሠንጠረዡ ከካርቦን አጠገብ ስላለው ንጥረ ነገር፣ ኬሚስትሪ ነበር፤ በዓመቱም ወደ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ አቅንተው እስከ 1965 በብራውን ቤተ ሙከራ ሠሩ።

ካርቦንን ከካርቦን ማጣመር የኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ዋና ሥራ ነው፤ የቦሮን ውህዶች ግን ከመጠን በላይ የረጉ፣ ማለትም ከሌላ ጋር በቀላሉ የማይዋሐዱ፣ ስለሆኑ ለዚህ አይበጁም ተብለው ይታለፉ ነበር። ሱዙኪና የሥራ ባልደረባቸው ኖሪዮ ሚያውራ በ1979 ያሳተሙት ግኝት ይህን ግምት የሻረው በአንዲት ጭማሪ ነው፤ እርሷም ቤዝ (አሲድን የሚያከሽፍ ውህድ) ናት። ሒደቱን የሚያፋጥነው ብረት፣ ፓላዲየም፣ በመጀመሪያ በካርቦንና፣ ለምሳሌ፣ በብሮሚን መካከል ይገባል። ቀጥሎ ሁለተኛው ካርቦን ቦሮኑን ለቅቆ ወደ ፓላዲየም መሻገር ይኖርበታል፤ ነገር ግን ካርቦኑና ቦሮኑ ኤሌክትሮኖቻቸውን በእኩልነት ሊባል በሚችል መልክ ስለሚጋሩ ካርቦኑ በቀላሉ አይላቀቅም። ቤዙ ከቦሮኑ ጋር ሲጣበቅ ቦሮኑ አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙሌት ይይዛል፣ ትስስሩ ይላላል፣ ካርቦኑም ይሻገራል። ሁለቱ ካርቦኖች ፓላዲየሙ ላይ ተገናኝተው ሲጣመሩ፣ ፓላዲየሙ ነጻ ወጥቶ ያንኑ ዙር እንደገና ይጀምራል። በ1981 ዘዴው ሁለት የቤንዚን ቀለበቶችን ለማጣመርም ዋለ።

ቀድሞ እንደ እንከን የታየው መርጋት፣ በእኔ ግምት፣ ለዘዴው መስፋፋት ትልቁ ምክንያት ሆኗል። ለዘዴው የሚያገለግሉት የቦሮን ውህዶች፣ ቦሮኒክ አሲዶች፣ በአብዛኛው አየርና ውኃ የማያበላሻቸው ዱቄቶች ናቸው፤ መርዛማነታቸውም ለተመሳሳይ ሥራ ከሚያገለግሉት የቆርቆሮ ውህዶች ያነሰ ነው። ሱዙኪ ፓተንት አለማውጣታቸውም ፋብሪካዎች ዘዴውን ያለ ክፍያ እንዲጠቀሙበት አስችሏል። የደም ግፊት መድኃኒቱ ሎሳርታን፣ ቦስካሊድ የተባለው ፀረ ፈንገስና የስክሪን ሊኪዊድ ክሪስታሎች በዚህ መንገድ ተመርተዋል።

ሱዙኪ በ1994 ከሆካይዶ ጡረታ ወጥተው እስከ 2002 በኦካያማና በኩራሺኪ አስተማሩ። በ2010 የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማትን ከሪቻርድ ሄክና ከኤይኢቺ ኔጊሺ ጋር ተካፈሉ። ኔጊሺም በብራውን ቤተ ሙከራ ያለፉ ናቸው፤ ብራውን ራሳቸው ኖቤል የተሸለሙት የሱዙኪ ግኝት በታተመበት በ1979 ነበር።