ኪይ እና ቴምፖ፦ ለስላሳ ሃውስ ለሚያጫውቱ የሐዋሳ ዲጄዎች

ሐዋሳ ሐይቅ ዳር አመሻሽ ላይ የሚቀመጥ ሰው ጩኸት አይፈልግም። ቀዝቀዝ ያለ ዲፕ ሃውስ (ለስላሳ የኤሌክትሮኒክ ዳንስ ሙዚቃ)፣ ከ118 እስከ 124 ቢፒኤም (በደቂቃ የምት ብዛት) አካባቢ ያለ፣ ለዚያ ሰዓት ይስማማል። ግን ይህ ሙዚቃ ስህተትን አይደብቅም። ፒያኖው ይረዝማል፣ ባሱ ይጎተታል፤ ሁለት ትራኮች ካልተስማሙ ጨዋታ ላይ ያለው ሰው እንኳ ቀና ይላል። አዲስ ጀማሪዎች ዘንድ ደጋግሜ የምሰማቸውን የተሳሳቱ አመለካከቶች አንድ በአንድ ላንሳ።

«ቢፒኤሙ እኩል ከሆነ በቃ፣ ይገባል»

ቴምፖ፣ ማለትም ፍጥነቱ፣ የሚያገናኘው ከበሮውን ነው። ዜማው ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱን የሚወስነው ኪዩ፣ ማለትም ዘፈኑ የተመሠረተበት ድምፅና ስኬል ነው። ሁለቱም ትራኮች 120 ሆነው አንዱ በኤ ማይነር፣ ሌላው በቢ ፍላት ማይነር ከሆነ ባሶቹ ይጣላሉ። የትኞቹ ኪዮች እንደሚስማሙ የሚያሳየው ካሜሎት የሚባለው ክብ ሰንጠረዥ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ከ1 እስከ 12 ቁጥሮች አሉት፤ ከቁጥሩ ቀጥሎ ኤ ካለ ማይነር፣ ቢ ካለ ሜጀር ነው። ኤ ማይነር 8ኤ ላይ ይገኛል። ከእሱ ጋር 7ኤ፣ 9ኤ እና 8ቢ በደንብ ይሄዳሉ። ቢ ፍላት ማይነር ግን 3ኤ ነው። በኪቦርድ ላይ የቅርብ ጎረቤት ነው፣ በሰንጠረዡ ላይ ግን ሩቅ።

«ፍጥነቱን ትንሽ ብነካ ኪዩ አይቀየርም»

ኪይ ሎክ (ፍጥነት ሲቀየር ድምፁን ባለበት የሚያቆይ ቁልፍ) ካልበራ ይቀየራል። ፍጥነት 6 በመቶ ገደማ ሲጨምር ድምፁ በግማሽ ቶን ከፍ ይላል። 113 የነበረን ትራክ ወደ 120 ብትወስዱት 8ኤ የነበረው 3ኤ ሆነ ማለት ነው። በ3 በመቶ ደግሞ ሁለት ኪዮች መሃል ይንጠለጠላል፤ ይህ ይብሳል። ኪይ ሎክ ሲበራ ድምፁ ቦታውን ይይዛል፣ ግን ብዙ ከተለጠጠ የዘፋኙ ድምፅ ይሻክራል፣ የክራሩ ምት ይደበዝዛል። ለለስላሳ ስብስብ እኔ ከ3 በመቶ ባላልፍ እመርጣለሁ።

«ሲንክ መጠቀም ማጭበርበር ነው»

አይደለም። የሁለት ትራኮችን ምት በራሱ የሚያገጥም መሣሪያ ነው። ቢት ግሪዱ (ሶፍትዌሩ ምቶቹ ያሉበትን ቦታ የሚያመለክትበት መስመር) ከተሳሳተ ግን ሲንክም ይሳሳታል።

«ሶፍትዌሩ ያለው ኪይ ያለቀለት ነው»

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ የእኛን ዘፈን ከሃውስ ጋር ለሚያዋህድ ሰው ዋናው ነገር ይህ ነው። ሶፍትዌሩ የሚያውቀው 24 ኪዮችን ነው፤ 12 ሜጀር፣ 12 ማይነር። ቅኝቶቻችን ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል እና አንቺሆዬ ዝርዝሩ ውስጥ የሉም። ስለዚህ በቅርብ ያገኘውን ስም ይሰጣቸዋል።

ከሲ የሚነሳ ሜጀር ትዝታ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ነው። ሶፍትዌሩ 8ቢ ወይም 8ኤ ቢለው ብዙም አይጎዳም። አምባሰል ግን ያታልላል። ከሲ ሲነሳ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት ይሆናል፤ ከኤፍ የሚነሳው ማይነር ትዝታም እነዚሁ አምስት ድምፆች አሉት። ሶፍትዌሩ ኤፍ ማይነር፣ ማለትም 4ኤ፣ ሊለው ይችላል። በ4ኤ ሃውስ ላይ ብትጭኑት ድምፆቹ አይጋጩም። ግን ዘፋኙ ሲ ላይ ሲያርፍ ባሱ ወደ ኤፍ ይጎትታል፣ የአምባሰሉ ስሜትም ይጠፋል። ይህ በጣም ያሳዝነኛል። መፍትሔው ዘፈኑ የሚያርፍበትን ድምፅ በጆሮ ለይቶ፣ ባሱ እዚያው የሚቆይ ትራክ መፈለግ ነው።

አንቺሆዬ ይበልጥ ይከብዳል። ከሲ ሲነሳ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ ነው፤ በተለመደው ሜጀርም ሆነ በተፈጥሯዊው ማይነር ውስጥ አምስቱም አንድ ላይ አይገኙም። ከበሮ ብቻ ባለበት ክፍል ላይ አስገቡት። ከድሮ ካሴት የተገለበጠ ከሆነ ደግሞ ቴፑ ፈጥኖ ወይም ዘግይቶ ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ በኪቦርድ ፈትሹት።

«6/8 ዘፈን ከሃውስ ጋር አይሄድም»

ይሄዳል! 6/8 ማለት በአንድ ባር ስድስት አጫጭር ምቶች ሦስት ሦስት ሆነው ሲቆጠሩ ነው። ሶፍትዌሩ 90 ወይም 180 ብሎት እግራችሁ ግን 120 ሊመታ ይችላል። ቁጥሩን ትታችሁ በእጃችሁ መትታችሁ አስገቡ። ሁለት ባር 6/8 ከአንድ ባር ሃውስ ጋር እኩል ይመጣል፣ እስክስታውም በሃውሱ ምት ላይ ይቀመጣል። በባንድ የተቀዳ ከሆነ ቴምፖው ስለሚዋዥቅ አጭር ሉፕ (ተደጋግሞ የሚዞር ቁራጭ) ይሻላል።

«ኪዩ ካልገጠመ መቀላቀል አይቻልም»

ይቻላል፣ ዜማና ዜማ እስካልተደራረበ ድረስ። በ120 ቢፒኤም 32 ምት 16 ሰከንድ ነው። የሚወጣው ትራክ ከበሮ ብቻ ሲቀረው የሚገባውን ባሱን ቀንሳችሁ አስነሱ፤ ፒያኖው ከመምጣቱ በፊት የመጀመሪያውን ዝጉና ባሱን መልሱ።