«እኔ ኖሬበታለሁ»፦ ስለ ልምድ የምንሳሳትባቸው ነገሮች፣ ከጣና ዳር

«ባለሙያ ምን ያውቃል፣ እኔ ኖሬበታለሁ» የሚል አለ። «ባለሙያ ካልነገረኝ አልነካም» የሚልም አለ። ባሕር ዳር ውስጥ ሁለቱንም በአንድ ቡና ላይ ትሰማላችሁ። እኔ በእጅ መማርን ከልቤ እወዳለሁ። ስለ ልምድ የሚወሩ አንዳንድ ነገሮች የሚቆረቁሩኝም ለዚህ ነው።

«መጀመሪያ በደንብ ልማር፣ ከዚያ እሞክራለሁ»

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለውን ተረት ለዚህ የሚጠቅሱ አሉ። ተረቱ የሚነቅፈው ግን ሳያውቅ የሚጠመጥመውን ነው። እየሞከረ የሚማረውን ምንም አላለውም።

ጣና ዳር የሚኖሩት የነገደ ወይጦ ሰዎች ውኃ ዳር ከሚበቅለው ደንገል ታንኳ ሲሠሩ ተመልከቱ። ደንገሉ ይታጨዳል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ በነዶ በነዶ ተደርጎ በገመድ ይታሰራል። ሲያዩት ቀላል ነው። ደንገሉ እርጥብ ከሆነ ግን ይከብዳል። ከመጠን በላይ ከደረቀ ደግሞ የታንኳውን ጫፍ ወደ ላይ ሲቀለብሱት ይሰበራል። ልኩን የምታውቁት በመዳፋችሁ ጨበጥ አድርጋችሁ ነው። ገመዱስ ምን ያህል ይጥበቅ? ጉልበታችሁን ነዶው ላይ ተክላችሁ ካልሳባችሁት በስተቀር ማንም ቢነግራችሁ አይገባችሁም።

«በተግባር መማር ማለት ያለ አስተማሪ መማር ነው»

በፍጹም። ጎጃም የቅኔ አገር ነው፤ ቅኔ ቤት እንዴት እንደሚያስተምር እንይ። ተማሪው በጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ሁለት ቤት ብቻ ነው። የሌላ ሰው ቅኔ ሸምድዶ አያልፍም፣ የራሱን መቁጠር፣ ማለትም ራሱ መድረስ አለበት። ለብቻው ሆኖ ይቆጥራል፣ ከዚያ መምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል። መምህሩ ያርሙታል። ነገ ደግሞ ሌላ። ቅኔውን የሚቆጥርለት ሰው የለም፣ ሰምቶ የሚያርመው ግን አለ። የሚያርመው ባይኖር፣ መቶ ጊዜ በቆጠረ ቁጥር ስህተቱ እየለመደበት ይሄድ ነበር።

«ዓሣን ከአጥማጅ በላይ የሚያውቅ የለም»

ግማሹ እውነት ነው። ጧት ሐይቁ ጸጥ ሲል መውጣት፣ ከሰዓት ነፋሱ ሳይነሣ መመለስ፣ መረብ የት እንደሚጣል፤ ይህን ከአጥማጅ ነው የምትማሩት። ላቢዮባርበስ የሚባሉት የጣና ዓሦች ብዙዎቹ በክረምት እንቁላል ለመጣል ወደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ወንዞች እንደሚሄዱም አጥማጁ ያውቃል። መረቡን ወንዙ አፍ ላይ የሚዘረጋው ለዚያ ነው።

ችግሩ እዚህ ጋ ይመጣል። ወንዙ አፍ ላይ መረቡ ይሞላል። መረብ ሲሞላ ዓሣው የማያልቅ ይመስላል። የተሰበሰበው ግን ሊራባ የመጣው ነው። ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም. ገደማ ባለው ጊዜ፣ በሐይቁ ደቡባዊ ክፍል የተመዘገበው የእነዚህ ዓሦች ምርት በ75 በመቶ ገደማ አሽቆልቁሏል። አንድ ጀልባ ላይ ያለ ሰው ይህን አያየውም። ዓመት ከዓመት የሚመዘግብ ሰው ያስፈልጋል። መዝጋቢውም ቢሆን የሚመዝነው አጥማጁ ያመጣለትን ዓሣ ነው።

«ስንት ዓመት ዋኝቼ ምንም አልሆንኩም»

ይህን የምሰማው ከምወዳቸው ሰዎች ነው፤ ስለዚህ ጠበቅ አድርጌ ልናገር። ጣና ዳር ቢልሃርዚያ አለ። አስተላላፊው ትንሽ የውኃ ቀንድ አውጣ ነው። ከእሱ የሚወጣው በዓይን የማይታይ ትል የሰው ቆዳ በስቶ ይገባል፤ ለዚህ ደቂቃዎች ይበቁታል። ውኃው ጥርት ማለቱ ምንም አይነግራችሁም። ሲገባ ቢበዛ ትንሽ ያሳክካል። ትኩሳት ቢመጣ እንኳ ከሳምንታት በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ «ወባ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ጉበትና አንጀት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ለዓመታት ድምፁን አጥፍቶ ሊቆይ ይችላል።

ልምድ የሚያስተምረው መልሱ ቶሎ ሲመጣ ነው። ታንኳው ልል ከታሰረ ውኃ ላይ ያኔውኑ ይታወቃል። ቅኔው ከተበላሸ መምህሩ እዚያው ይመልሱታል። የቢልሃርዚያ መልስ ግን በጣም ዘግይቶ ስለሚመጣ፣ ሆዱን የሚያመው ሰው ያን የድሮ ዋና ትዝ አይለውም። «ምንም አልሆንኩም» የሚለው ሰው እየዋሸ አይደለም። የሚያውቀው ግን የዚያን ቀን የተሰማውን ብቻ ነው። ሐኪሙ የሚበልጠው የብዙ ሕመምተኞችን ውጤት፣ መጀመሪያውን ከመጨረሻው ጋር አገናኝተው የመዘገቡ ሰዎች ስላስተማሩት ነው።

«እንግዲያው የእኔ ልምድ ሐኪም ቤት ምን ያደርጋል?»

ብዙ። የት እንደዋኛችሁና መቼ እንደሆነ ሐኪሙ ከእናንተ ካልሰማ ከየት ያመጣዋል? እሱ ባይጠይቃችሁም ንገሩት። ምርመራው የሰገራ ነው። በዋኛችሁ ማግስት ከሄዳችሁ እንቁላሉ አይታይም፤ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ገደማ ይፈልጋል። ስለዚህ ቀድማችሁ ተመርምራችሁ «የለብህም» ከተባላችሁ፣ ጊዜው ሲደርስ ተመለሱ። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል የሚባል ክኒን ነው፤ መጠኑ በሰውነት ክብደት ስለሚሰላ ከጎረቤት ተካፍሎ የሚዋጥ አይደለም። አንዴ መዳንም ዳግም ከመያዝ አያድንም፤ ወደዚያው ውኃ ከገባችሁ እንደገና ሊይዛችሁ ይችላል።