ዓይን ጨፍኖ መቆም ስለ ውስጠኛው ጆሮ ምን ይናገራል?

ቆመን የምንቆየው በዓይን፣ ከእግር በሚመጣ ስሜትና በውስጠኛው ጆሮ ነው። አንዱ ሲደክም ሁለቱ ይሸፍኑለታል፤ ዓይን አስጨፍኖ በማቆም የሚደረገውን የሚዛን ምርመራ የሚያሳስተውም ይኸው መሸፋፈን ነው። ስለሱ የሚባሉትን አንድ በአንድ እንይ።

«እግር ገጥሞ፣ ዓይን ጨፍኖ የተንገዳገደ ሰው ጆሮው ታሟል»

የግድ አይደለም። ምርመራው ስሙን ያገኘው ከጀርመናዊው ሐኪም ከሞሪትዝ ሮምበርግ ነው። እሱ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ምልክቱን የገለጸው ኅብለ ሰረሰራቸው ተጎድቶ የእግራቸውን አቀማመጥ መለየት በተሳናቸው ሕመምተኞች ላይ ነበር። ጠንካራ ወለል ላይ ዓይን ሲጨፈን ዋናውን ሥራ የሚይዘው እግር ነው። ስለዚህ በስኳር ሕመም እግሩ የደነዘዘ ሰው ሲንገዳገድ፣ ጆሮው ከተጎዳ የቆየ ሰው ቀጥ ብሎ ሊቆም ይችላል።

«ስፖንጅ ላይ ካቆሙት ግን ጆሮው ይታወቃል»

ይህ ወደ እውነቱ ይጠጋል፤ የሚበላሸው አሠራሩ ላይ ነው። ጫማና ካልሲ ይወልቃል፣ እግር ይገጠማል፣ እጅ ደረት ላይ ይጣመራል። ከዚያ ወለል ላይ ዓይን ገልጦና ጨፍኖ፣ ቀጥሎ ስፖንጅ ላይ ገልጦና ጨፍኖ፣ እያንዳንዱ 30 ሰከንድ። ዓይን ከተገለጠ፣ እጅ ከተፈታ ወይም እግር ከተነሣ ሰዓቱ እዚያው ይቆማል። ሦስቱን አልፎ አራተኛው ላይ ብቻ የወደቀ ሰው ጆሮው ይጠረጠራል። ሁለተኛውም ላይ ከወደቀ መጀመሪያ እግሩን ፈትሹ።

ያረጀ የፍራሽ ቁራጭ አይሆንም፤ ተረከዙ ሰምጦ ወለሉን ከነካ ሰውየው ወለል ላይ እንደቆመ ቁጠሩት። በአንድ በኩል የተከፈተ ሬዲዮም አቅጣጫ ይጠቁማል። ረዳቱ እንዳይወድቅ አጠገቡ ይቁም፣ ግን አይንካው፦ የጣት ጫፍ ንክኪ ብቻ እንኳ መወዛወዙን በጉልህ ይቀንሳል። ብዙ «አለፈ» የሚባል ውጤት በዚህች ጣት የተገኘ ነው።

«ካለፈ ጆሮው ጤነኛ ነው»

የአንድ ወገን ጉዳት ከሆነ አንጎል በሳምንታትና በወራት ይለማመደዋል። ያኔ የሚጠቅመው ሌላ ምርመራ ነው፦ ታማሚው የመርማሪውን አፍንጫ እያየ፣ መርማሪው የታማሚውን ጭንቅላት በድንገት ጥቂት ያዞረዋል። ዓይኑ አብሮ ሸርተት ብሎ በዝላይ ወደ አፍንጫው ከተመለሰ፣ ጭንቅላቱ በዞረበት በኩል ያለው ጆሮ ደክሟል። አንገቱ የታመመ ሰው ላይ አይደረግም።

«በደንብ የሚሰማ ጆሮ ሚዛኑም ደህና ነው»

የግድ አይደለም። ጄንታማይሲን የተባለው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት መስማትን ሳይነካ ሚዛንን ብቻ ሊያጠፋ ይችላል።

«ጆሮው በኤሌክትሪክ ሲነካ ሰው ዝም ብሎ ይዞርበታል»

በቤተ ሙከራ ከሁለቱ ጆሮዎች ጀርባ ኤሌክትሮድ ተለጥፎ 1 ሚሊአምፔር አካባቢ ይለቀቃል (በቤት ባትሪ አይሞከርም)። ዓይኑን ጨፍኖ ወደ ፊት የዞረ ሰው ፖዘቲቩ ወዳለበት ጎን ያዘነብላል። ፖዘቲቩ ቀኝ ጆሮው ላይ ሆኖ ጭንቅላቱን ወደ ግራ ትከሻው ካዞረ ግን ቀኝ ጆሮው ወደ ፊት ስለሚመጣ፣ የሚያዘነብለው ወደ ፊት ነው። አንጎል የጆሮውን መልእክት ከአንገቱ አቀማመጥ ጋር አስልቶ ነው ወደ እግር የሚልከው። ያው ሰው ተደግፎ ሲቆም፣ ጅረቱ ሳይቀነስ፣ የእግሩ ጡንቻ ምላሽ ይደበዝዛል።