«የድምፅ አውታር» ክር አይደለም
«የድምፅ አውታር» የሚለው ስም ብዙ ሰው ያሳስታል። ሲሰሙት የተወጠረ ክር ይመስላል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ማንቁርታችን ውስጥ ሁለት ለስላሳ እጥፋቶች አሉ። ስንተነፍስ ይከፈታሉ። ልንናገር ስንል ይገጥማሉ፤ ከሳንባ የሚወጣው አየር እየገፋ ያርገበግባቸዋል። በአዋቂ ወንድ በሰከንድ 100 ጊዜ ገደማ፣ በሴት ደግሞ 200 ገደማ! ይህ ፍጥነት ሁሌም ይገርመኛል።

እዚያ የሚፈጠረው ግን ገና ጥሬ ድምፅ ነው። «አ»ን ከ«ኡ» የሚለየው የአፍና የምላስ ቅርፅ ነው። እስኪ «አ» እያላችሁ ከንፈራችሁን አሞጥሙጡ፤ ድምፁ ሲለወጥ ትሰማላችሁ።

ውሻና ላምም የሚጮኹት በዚሁ መንገድ ነው። ወፎች ግን ይለያሉ። የእነሱ ድምፅ መፍጠሪያ ያለው ወደ ታች ወረድ ብሎ፣ የአየር ቧንቧው ለሁለት በሚከፈልበት ቦታ ነው። ለዚህም ነው አንዳንዶቹ በአንድ ጊዜ ሁለት የተለያየ ድምፅ የሚያወጡት።