የራሷ ውታፍ የሆነችው ሸረሪት፦ ሳይክሎኮስሚያ ምንድን ናት?

ወደ ደሴ ሰኞ ገበያ ማር በቅል ይዞ የሚወርድ ሰው የቅሉን አፍ በውታፍ ይደፍነዋል፤ ውታፉ ከጠበበ ወደ ውስጥ ይሰምጣል፣ ከሰፋም አይገባም፤ ልክክ ሲል ግን ቅሉ ቢዘቀዘቅ እንኳ ማሩ አይፈስም። ሳይክሎኮስሚያ ትሩንካታ የምትባለው ሸረሪት ለጉድጓዷ እንዲህ ያለ ውታፍ አላት፤ ውታፉም የገዛ አካሏ ነው።

ሸረሪቷ የእኛ አገር አይደለችም። የምትኖረው በደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1841 ለሳይንስ ያስተዋወቃት ኒኮላስ ሄንትዝ ነው። የምትወደው ቦታ ግን ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሐረጎ ቁልቁለት ሲወረድ ከመንገዱ ዳር እንደሚታየው ያለ፣ ዘንበል ያለ የአፈር ግድግዳ ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እያልን ስላደግን ሸረሪትን ከተዘረጋ ድር ለይተን ማሰብ ይቸግረናል፤ ባለመዝጊያ ሸረሪቶች የሚባሉት የእርሷ ወገኖች ግን ድራቸውን ለወጥመድ አየር ላይ ከመዘርጋት ይልቅ የጉድጓዳቸውን ግድግዳ ይለስኑበታል፣ ከአፈር ጋር አጣብቀውም በአንድ ጎኑ የሚታጠፍ መዝጊያ ይሠሩበታል። መዝጊያው በላዩ የአካባቢውን አፈር ስለሚመስል ሲዘጋ ከመሬቱ አይለይም። ሌሊት ከሥሩ አድብታ ትጠብቃለች፤ የሚያልፍ ነፍሳት እርምጃ መሬቱን ሲነዝረው ድንገት ብቅ ብላ ትይዘዋለች።

ዋናው ጉዳይ ከኋላዋ ነው። የሌሎች ሸረሪቶች ሆድ ሲሞላ ድቡልቡል ይሆናል፤ የእርሷ ግን በስለት የተቆረጠ ይመስል ጫፉ ድንገት ጠፍጣፋ ሆኖ ያልቃል፤ ጠፍጣፋው ገጽ ጠንካራ ክብ ሲሆን ከመሐሉ ወደ ዳር የሚወጡ ሸንተረሮች አሉበት። ፎቶዋን ያየ ሁሉ በማኅተም መሰል መልኳ ይደነቃል፤ እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን ክቡ የሚሠራው ሥራ ነው። ጉድጓዷ ወደ ታች እየጠበበ ይሄዳል፤ ጠላት መዝጊያውን ከፍቶ ሲገባ ራሷን ወደ ታች፣ ጀርባዋን ወደ ላይ አድርጋ ትወርዳለች፣ ከጠባቡ ቦታ ስትደርስም ክቡ ከግድግዳው ጋር ይገጥማል። ያን ጊዜ ለጠላት የሚቀረው ጠንካራ ገጽ ብቻ ነው፤ የሚነከስ ለስላሳ ሥጋ፣ የሚያዝ እግርም አያገኝም። ይህ መከላከያ ቀላል ነገር አይደለም፤ ባለመዝጊያ ሸረሪቶችን ከሚያድኑት ተርቦች መካከል ሸረሪቷን ነድፈው ካደነዘዙ በኋላ እንቁላላቸውን አካሏ ላይ የሚጥሉ አሉ፤ የተፈለፈለው እጭም ሸረሪቷን በሕይወቷ ይበላታል።

እንስቷ ከጉድጓዷ እምብዛም አትወጣም። ወንዱ ግን አካለ መጠን ሲደርስ ጉድጓዱን ትቶ እንስት ፍለጋ ስለሚንከራተት፣ መንገደኛ ሜዳ ላይ የሚያጋጥመው ባለመዝጊያ ሸረሪት አብዛኛውን ጊዜ ወንድ ነው፤ እንስቷን ማየት የፈለገ አፈሩን መቆፈር አለበት።