አጃስ እና የግራንዳሳ ሞዴሎች፦ በሐርለም የተፈጥሮ ውበትን ያስከበረው የአርቲስቶች ማኅበር

በምህጻረ ቃል አጃስ ተብሎ የሚጠራው የአፍሪካ ጃዝና ሥነ ጥበብ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1956 በኒው ዮርክ የተመሠረተ የወጣት ጥቁር አሜሪካውያን አርቲስቶች ስብስብ ነው። ከመሥራቾቹ መካከል ይበልጥ የሚታወቁት ወላጆቻቸው ከባርቤዶስ ወደ አሜሪካ የፈለሱት ሁለት ወንድማማቾች፣ የፖለቲካ አራማጁ ኤሎምቤ ብራዝ እና ፎቶግራፍ አንሺው ክዋሜ ብራዝዌይት ናቸው። ማኅበሩ ሥራውን የጀመረው በብሮንክስ የጃዝ ምሽቶችን በማዘጋጀት ሲሆን፣ ስሙን በታሪክ ያስጠራው ግን ከስድስት ዓመት በኋላ ያነሣው የጸጉርና የመልክ ጥያቄ ነው።

በዚያ ዘመን ለጥቁር አንባቢዎች የሚታተሙ መጽሔቶች ሳይቀሩ ቆዳ የሚያነጡ ቅባቶችን ያስተዋውቁ ነበር። ብዙ ሴቶች ጸጉራቸውን በእሳት በጋለ የብረት ማበጠሪያ ወይም በኬሚካል ያስተኙ ነበር፤ ጎፈሬን እንደ ተፈጥሮው ትቶ ወደ ሥራ ወይም ወደ ቤተ ክርስቲያን መሄድም እንደ ነውር ይታይ ነበር። ይህን የተቃወመው አጃስ ብቻ አልነበረም። የጥቁሮች ንቅናቄ መሪ የነበረው የማርከስ ጋርቬይ ተከታይ ካርሎስ ኩክስ ሴቶች በተፈጥሯዊ ጸጉራቸው የሚወዳደሩበትን የቁንጅና ውድድር በኒው ዮርኩ የጥቁሮች ሰፈር በሐርለም ያካሂድ ነበር፤ ወንድማማቾቹም ትምህርታቸውን የቀሰሙት ከእሱ ነው። የጋርቬይ ንቅናቄ ኢትዮጵያን የአባቶች ምድር ብሎ የሚጠራ መዝሙር እንደነበረው ሲታሰብ፣ ሐሳቡ ምን ያህል ወደ አፍሪካ ያዘነበለ እንደነበር መረዳት አያዳግትም።

ጥር 28 ቀን 1962 እ.ኤ.አ. ማኅበሩ «ናቹራሊ 62» የተሰኘውን የጸጉር አሠራርና የአልባሳት ትርኢት በሐርለም ፐርፕል ማነር በተባለው አዳራሽ አቀረበ። ዘፋኟ አቤይ ሊንከን እና ከበሮ መቺው ማክስ ሮች ተሳትፈውበታል። የሕዝቡ ብዛት ከአዳራሹ አቅም በላይ ስለሆነ ትርኢቱ በዚያው ምሽት እንዲደገም ግድ ሆነ። በመድረኩ ላይ የታዩት ሴቶች የግራንዳሳ ሞዴሎች ተባሉ፤ ስሙ የተወሰደው ኩክስ አፍሪካን ከሚጠራበት ግራንዳሳላንድ ከሚለው ቃል ነው። ሴቶቹ ከአካባቢው ኅብረተሰብ የተገኙ እንጂ በሙያው የሠለጠኑ አልነበሩም። ጠቆር ባለ ቆዳቸው፣ በወፍራም ከንፈራቸውና ባልተተኮሰ ጸጉራቸው፣ የዘመኑ የፋሽን ቤቶች በር የማይከፍቱላቸው ዓይነት ሴቶች ነበሩ። ከአፍሪካ አለባበስ የተቀዱ ቀሚሶችን ለብሰው፣ ትልልቅ ጉትቻና ጨሌ አድርገው በኩራት ተራመዱ። የንቅናቄውን ትልቁን ሸክም የተሸከሙት እነሱ ናቸው ማለት ይቻላል፤ ምክንያቱም ወንዶቹ ሐሳቡን ሲጽፉና በፎቶግራፍ ሲያነሡ፣ ሴቶቹ በየቀኑ በአደባባይ ለብሰውት ይወጡ ነበር።

ማኅበሩ «ጥቁር አስብ፣ ከጥቁር ግዛ» የሚለውንም መፈክር ያስተጋባ ነበር። ውበትና ገበያ የማይነጣጠሉ መሆናቸውን በመረዳቱ፣ በ1963 እ.ኤ.አ. አባላቱ በሐርለም 125ኛ ጎዳና ላይ በነበረ የዊግ መደብር ፊት የተቃውሞ ሰልፍ አደረጉ።

ይህ ሁሉ ሩቅ የደረሰው በክዋሜ ካሜራ ነው። በ1955 እ.ኤ.አ. በሚሲሲፒ በግፍ የተገደለው የ14 ዓመቱ ኤሜት ቲል አስከሬን ፎቶግራፍ ጄት በተባለው መጽሔት ሲወጣ፣ ክዋሜ አንድ ምስል ሕዝብን የማንቀሳቀስ አቅም እንዳለው ተገንዝቦ ነበር። በጨለማ የጃዝ ክለቦች ያለ ፍላሽ ማንሣትን የተማረ ሰው በመሆኑ፣ የጥቁር ቆዳን ጥልቀት ከጥላው ሳይነጥል የመያዝ ችሎታ አዳበረ። የግራንዳሳ ሞዴሎች ምስል ብሉ ኖት በተባለው የሙዚቃ ኩባንያ የሸክላ ሽፋኖች ላይም ወጥቷል፤ ስለዚህ ትርኢቱን ያላየ ሰው እንኳ ጎፈሬያቸውን በሙዚቃ ቤት መደርደሪያ ላይ ያገኘው ነበር።

በቺካጎ ደግሞ በ1968 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው አፍሪኮብራ የተባለ የጥቁር አርቲስቶች ቡድን ተመሳሳይ ዓላማን በሥዕልና በኅትመት አራመደ። አባላቱ ደማቅ ቀለማትን ከፊደል ጋር እያዋሐዱ የጥቁር ቤተሰብን ክብር ይሥሉ፣ ሥራቸውንም ተራው ሰው ሊገዛው በሚችል ዋጋ ያትሙ ነበር። ከመሥራቾቹ አንዱ የሆነው ጄፍ ዶናልድሰን በኋላ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ክፍልን የመራ ሲሆን፣ ኢትዮጵያዊው ሠዓሊ እስክንድር ቦጎስያንም ለረጅም ዓመታት ያስተማረው በዚያው ነው።

የክዋሜ ፎቶግራፎች ግን በሰፊው ሕዝብ ዘንድ ዋጋቸውን ያገኙት ዘግይተው ነው። ልጁ ማኅደሩን ማደራጀት ከጀመረ በኋላ፣ በ2019 እ.ኤ.አ. ሥራዎቹ በመጽሐፍ ታተሙ፤ ትልቅ ዐውደ ርእይም በሎስ አንጀለስ ተከፈተላቸው። ክዋሜ ብራዝዌይት ይህን ለማየት በቅቶ፣ በ85 ዓመቱ ሚያዝያ 1 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. አረፈ።